ቴርሞስታቱ የት ሄደ? የአሮጌ ካምፐሮችና የጋራዦቻችን ታሪክ

እንደሚታወቀው በእንዲህ ዓይነት የኢዮቤልዩ መጽሔት ውስጥ የማኅበረሰብ ታሪክ ሲጻፍ አስቀድሞ የሚነሳው የዕድሩ፣ የልጆች የአማርኛ ትምህርት ቤትና የበዓል ዝግጅቶች ነገር ነው። ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ እዚህ ናይሮቢ ካለነው ቤተሰቦች መካከል ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት በጋራዥ ሥራ ሆኖ ሳለ ስለ ሥራው የተጻፈ ነገር የለንም። ስለዚህ ከጋራዥ ዕቃዎች መካከል አንዲት ትንሽ ዕቃ መርጠን ታሪኳን ለመከታተል እንሞክራለን። ዕቃዋ ቴርሞስታት ትባላለች። መዳፍ ውስጥ ገብታ የምትጠፋ ናት፤ በእሷ ሰበብ የተበላሸው ሞተር ግን ብዙ ነው።

ታሪኩን የምናይባቸው መኪናዎች ደግሞ ከአውሮፓ ተነስተው በግብፅ፣ በሱዳንና በኢትዮጵያ አቋርጠው በሞያሌ በኩል ኬንያ ሲገቡ የኖሩት አሮጌ ካምፐሮች ናቸው። (በእኛ አማርኛ «የቤት መኪና» ማለት ታክሲ ያልሆነ፣ የግል መኪና ማለት ነው። እነዚህ ግን አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ማጠቢያ ይዘው የሚዞሩ፣ ራሳቸው ቤት የሆኑ መኪናዎች ስለሆኑ ስማቸውን ካምፐር ብለን እንቀጥላለን።) ከእነዚህ መኪናዎች መካከል ሞተራቸው እየሞቀ አስቸግሯቸው ጋራዥ የገቡት ሲፈተሹ አንዳንዶቹ ቴርሞስታት የላቸውም። ቤቱ አለ፣ ክዳኑ አለ፣ ብሎኖቹ አሉ፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። የሆነ ቦታ የሆነ መካኒክ አውጥቶታል።

ብዙ ሰው ይህን «ካለማወቅ የመጣ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ታሪኩን ስንመለከተው ግን ያገኘነው ሌላ ነው። ቴርሞስታት ማውጣት በሌላ ዘመንና በሌላ ሞተር ላይ በቂ ምክንያት የነበረው ዕውቀት ነው። ዕውቀቱ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ሲመጣ ሞተሩ ከሥሩ ተለወጠ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ውሃ እያፈላ እንዲሄድ የተሠራ ሞተር

ካርል ቤንዝ በ1886 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ባለ ሦስት እግር መኪና ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃውን በማፍላት ነበር። ውሃው በሲሊንደሩ ዙሪያ ይሞቃል፣ ይፈላል፣ በእንፋሎት መልክ ይወጣል፣ ሙቀቱንም ይዞ ይሄዳል። መፍላቱ ብልሽት ሳይሆን ሥራው ነበር። በዚህ ምክንያት ባለቤቱ በርታ ቤንዝ በ1888 ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል በነዳችበት ታዋቂ ጉዞ በየመንደሩ እየቆመች ውሃ ትጨምር ነበር። ውሃ ሳይዝ ከቤት የማይወጣ ሾፌር የመጀመሪያዋ እሷ ናት ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ቪልሄልም ማይባህ ውሃው እንዳይባክን የሚያደርግ መላ አመጣ። በ1900 መጨረሻ ለወጣው የመጀመሪያው መርሰዲስ የሠራው የማር እንጀራ የሚመስል ራዲያተር 8,070 ትናንሽ ቱቦዎች ነበሩት። ነፋሱ በቱቦዎቹ ውስጥ ያልፋል፣ ውሃው በዙሪያቸው ይወርዳል። ዛሬም የምናውቀው ራዲያተር የእሱ ልጅ ነው።

ሄንሪ ፎርድ ደግሞ በ1908 ባወጣው ሞዴል ቲ ላይ ነገሩን ይበልጥ አቃለለው። ከመጀመሪያዎቹ 2,500 ገደማ መኪናዎች በኋላ የውሃ ፓምፑን አስወጣው። ሙቅ ውሃ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይወርዳል፤ ውሃው በራሱ ይዞራል። ፓምፕ የለም፣ ቴርሞስታት የለም። እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ መኪናዎች ተሠርተዋል። የዓለም መካኒክ ብዛቱ ሥራ የተማረው በዚህች መኪና ላይ ስለሆነ «ሞተር ቴርሞስታት ሳይኖረው ይሠራል» የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣ ለመገመት አያስቸግርም። እውነትም ይሠራ ነበር።

ወደ አገራችን መኪና የገባውም በዚያው ዘመን ነው። እንግሊዛዊው ቢዲ ቤንትሌይ ከ1907 እስከ 1908 ባለው ጊዜ ሲድሌይ የተባለች መኪና ከባህር ጠረፍ አንስቶ አዲስ አበባ ድረስ ለአፄ ምኒልክ አመጣ። ከበረሃ ወደ ደጋ የሚወጣው ይህ መንገድ ለራዲያተር ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ ከልጅ ልጆቹ ይልቅ የዚያ ዘመን ሰዎች ሳያውቁት አልቀሩም።

ወናፉና ሰሙ

ቴርሞስታት የመጣው ሞተርን ለማቀዝቀዝ ሳይሆን ለማሞቅ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ የአብዛኛው አለመግባባት ሥር እዚህ ላይ ነውና። የውሃ ፓምፕ በተስፋፋ ጊዜ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ፓምፑ ቀዝቃዛ ውሃ እያዞረ ሙቀት ያሳጣው ጀመር። ቀዝቃዛ ሞተር ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱን ያቆሽሻል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ሞተሩ እስኪሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር ዘግቶ የሚቆይ፣ ሲሞቅ የሚከፍት በረኛ አስፈለገ።

የመጀመሪያዎቹ በረኞች የአንጥረኛ ወናፍ የሚመስል የተጣጠፈ ቀጭን ነሐስ ነበራቸው። ወናፉ ውስጥ ቶሎ የሚተን ፈሳሽ፣ ለምሳሌ አልኮል ወይም ኤተር፣ ይታሸጋል። ሲሞቅ ፈሳሹ ይተንና ወናፉን ይነፋዋል፣ በሩም ይከፈታል። ይህ ዓይነቱ አንድ ትልቅ በጎነት ነበረው። ወናፉ ቢቀደድ አየር ገብቶበት ይዘረጋል፤ በሩ ተከፍቶ ይቀራል። የተበላሸ ቴርሞስታት ሞተርን ያቀዘቅዛል እንጂ አያቃጥልም ነበር።

በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሰርጂየስ ቨርኔት የተባለ መሐንዲስ ሰም የሚጠቀም ቴርሞስታት ሠራ። ሰሙ የመዳብ ብናኝ ተቀላቅሎበት በትንሽ ጽዋ ይታሸጋል፣ ሲቀልጥ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ዘንግ ይገፋል። (ቅኔ ለሚወድ ሰው ሰሙ ሲቀልጥ ምሥጢሩ የሚከፈት ዕቃ መሆኑ ሳያስፈግገው አይቀርም።) ሰሙ ወናፉን ያሸነፈበት ምክንያት ግፊት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግፊት የሚይዝ የራዲያተር ክዳን እየተለመደ መጣ። ግፊት ደግሞ ወናፍን ይጨፈልቃል፤ ሰምን ግን አይነካውም።

ነገር ግን ከዚህ ጋር አንድ ለውጥ ሳይታወቅ አብሮ ገባ። የሰሙ ጽዋ ሲሰነጠቅና ሰሙ ሲፈስ ስፕሪንጉ በሩን ይዘጋዋል። ያረጀ ቴርሞስታት ከአሁን በኋላ ተዘግቶ መቅረት ጀመረ። በሩ ከተዘጋ ደግሞ አዲስ ራዲያተር ቢኖርም፣ ፓምፑ ቢሠራም፣ ቬንትሌተሩ ቢሽከረከርም ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይነዳል። ሐረርም ይሁን ሞምባሳ፣ መንገድ ላይ የቆመ ሾፌር ያየው ይህንን ነው። ቴርሞስታቱን ነቅሎ ሲጥለው መኪናው ቀዘቀዘና ሄደ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማን ይፈልጋል?

ከተርማበር እስከ ዓባይ በረሃ

ሁላችንም በትምህርት ቤት ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ተብለን ተምረናል። ይህ የሚሠራው በባህር ወለል ላይ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየሩ ጫና ይቀንሳል፣ ውሃውም ቀድሞ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ናይሮቢ ላይ በ94 ገደማ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በተርማበር ደግሞ በ90 አካባቢ ይፈላል። ክዳኑ ግፊት የማይዝ አሮጌ መኪና ላይ 88 ዲግሪ ሲደርስ የሚከፈት ቴርሞስታት ቢደረግ በሩ መከፈት ሲጀምር ውሃው ለመፍላት ሁለት ወይም አራት ዲግሪ ብቻ ነው የሚቀረው። በአውሮፓ ቆላ ላይ 12 ዲግሪ ልዩነት ነበረው። መሐንዲሱ ለቆላ የሠራውን ቁጥር የእኛ ደጋ ቀማው ማለት ነው።

አየሩም ራሱ ይሳሳል። በአዲስ አበባ ከፍታ ቬንትሌተሩ የሚገፋው አየር ክብደቱ ከባህር ወለሉ በአምስት እጅ አንድ ያህል ያነሰ ስለሆነ ከራዲያተሩ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ውስጥ በጥቅሉ ሲሶው ጎማ ያዞራል፣ ሲሶው በጭስ ማውጫ ይወጣል፣ ሲሶው ወደ ውሃው ይገባል። ዳገት ላይ ነዳጁ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ነፋሱም ይቀንሳል። ስለዚህ መኪና የሚፈላው በረሃው መሃል ሳይሆን ብዙ ጊዜ ከበረሃው መውጫ ዳገቱ ላይ ነው።

ጣሊያኖች ከ1936 እስከ 1941 በያዙን ዘመን የሠሩትን መንገድና የተርማበርን ዋሻ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጎሃ ጽዮን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ተወርዶ ያው ሁሉ ተመልሶ ወደ ደጀን ይወጣል። እኛ «ኤንትሬ» እያልን የምንጠራት ፊያት 682 ኤን 3 ይህን ዳገት ለዓመታት ስትወጣ ኖራለች። ረዳቱ ታኮውን ይዞ ከኋላ ይሮጣል፤ ራዲያተሩ ሲፈላ መኪናው ይቆማል፣ ታኮው ጎማ ሥር ይገባል፣ ውሃ ፍለጋ ይኬዳል። የጣሊያን መኪናና የጣሊያን መካኒክ ስለቀደመን የሥራው ቋንቋም የእነሱ ሆኖ ቀርቷል። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቺንጋ፣ ቴስታታ፣ ባሌስትራ እያልን ናይሮቢ ድረስ መጥተናል፤ ኬንያዊው ፉንዲም ከእኛ ጋር ሲሠራ ከረመና ቺንጋ ይላል።

በዚያ መንገድ ላይ ቴርሞስታትን ማውጣት ስህተት አልነበረም። በብዙ የዚያ ዘመን ሞተሮች ላይ ውሃው ራዲያተሩን ዘሎ የሚዞርበት አቋራጭ ጠባብ ነው ወይም ጭራሹን የለም። ቴርሞስታቱ ቢወጣ ውሃው ሁሉ ወደ ራዲያተር ይሄዳል። መለዋወጫም በቅርብ አይገኝም። ተዘግቶ ሊቀር የሚችልን በር ይዞ ዓባይ በረሃ ከመውረድ በሩን ነቅሎ መውረድ ይሻላል። ከወላይታ እስከ ጎንደር ያለው ሾፌር ሁሉ ይህን ያደረገው አስቦ ነው።

ቀዝቃዛ ማሳለፊያ ፈሳሹንም ብናነሳ ተመሳሳይ ታሪክ ነው። «አንቲፍሪዝ የበረዶ አገር ነገር ነው» የሚለው አባባል ዛሬም በየጋራዡ ይሰማል። ቀደም ባለው ዘመን ለበረዶ የሚጨመረው አልኮል ስለነበር የሚፈላበትን ዲግሪ ዝቅ ያደርግ ነበር፤ ለእኛ አገር በእርግጥም ጉዳት ነበር። ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተለመደው ግላይኮል ግን ተቃራኒው ነው። የመፍያውን ዲግሪ ከፍ ያደርጋል፣ በውስጡ ያለው ቅመምም ዝገት ይከላከላል። ስሙ ግን ያው «አንቲፍሪዝ» ሆኖ ስለቀረ የድሮው ክፉ ስም ለአዲሱ ወረሰው።

ሙቅ ውሃ የሚባል ከተማ

ከ1974 በኋላም ሆነ በተለይ ከ1991 በኋላ ብዙ ወገኖቻችን ሞያሌን ተሻግረው ወደ ኬንያ መጥተዋል። በዋልዳ ካምፕ ያለፉ አሉ፤ በ1992 በተከፈተው ካኩማ የቆዩ አሉ። ከእነሱ መካከል በጦር ሠራዊቱ ጋራዥ የሠለጠኑ መካኒኮች፣ የረጅም መንገድ ሾፌሮችና ረዳቶች ነበሩበት። ናይሮቢ ደርሰው ሥራ ያገኙት ጥላ በሌለበት ሜዳ ላይ ነው። ኬንያውያን እንዲህ ያለውን ሥራ «ጁዋ ካሊ» ይሉታል፤ ትርጉሙ «ኃይለኛ ፀሐይ» ነው። መለዋወጫ ከኪሪንያጋ መንገድ ይገዛል፣ መፍቻው ይዋሳል፣ ሙያው ግን ከአገር ቤት የመጣ ነው።

እዚህም የጠበቃቸው መንገድ ከለመዱት ብዙ አይለይም። ከሞምባሳ ወደ ናይሮቢ 480 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከባህር ወለል ተነስቶ 1,700 ሜትር ገደማ ይወጣል። ከስምጥ ሸለቆው ወደ ናይሮቢ የሚያስወጣው የድሮው የዳገት መንገድ ደግሞ የተሠራው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጣሊያን ምርኮኞች ነው። ብዙዎቹ ከእኛው አገር የተማረኩ ነበሩ፤ መንገድ ዳር የሠሯት ትንሽ ቤተ ክርስቲያንም እስከ ዛሬ ቆማለች። ተርማበርን የሠራና ይህን የሠራ የአንድ አገር እጅ መሆኑ፣ ሾፌሮቻችን በሁለቱም ላይ መፍላታቸው የታሪክ ቀልድ ይመስላል። ከዳገቱ ሥር ያለችው ከተማ ማይ ማሂዩ ትባላለች። በኪኩዩ ቋንቋ «ሙቅ ውሃ» ማለት ነው።

ካምፐሮቹ

ፎልክስቫገን ኮምቢውን በ1950 አወጣ፤ ቬስትፋሊያ የተባለው ኩባንያ ከ1951 ጀምሮ አልጋና ምድጃ እየገጠመ ካምፐር አደረገው። ሞተሩ በአገራችን «ቮልስ» ከምንላት መኪና ጋር አንድ ነው፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። ውሃ ስለሌለው ቴርሞስታት የለውም ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው፤ ግን አለው። ከሞተሩ ሥር ያች ወናፍ ተቀምጣ የአየሩን መዝጊያዎች በሽቦ ትስባለች። በሞቃት አገር ብዙ መካኒክ መዝጊያዎቹን ነቅሎ ጥሏል። በቮልስ ላይ ጉዳቱ ቀስ ብሎ የሚመጣ ስለሆነ ማንም አልተቆጣም።

በ1979 ሦስተኛው ትውልድ መጣ። ከ1982 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ይኸው መኪና በውሃ የሚቀዘቅዝ ሆነ። ሞተሩ ከኋላ ነው፣ ራዲያተሩ ግን ከፊት። ውሃው ከወለሉ ሥር በረጃጅም ቱቦዎች ሄዶ ይመለሳል። እንዲህ ያለ መኪና ላይ አንድ ቱቦ ቀይሮ ውሃ ሞልቶ መሄድ አይቻልም፤ አየር ከፊት ተቋጥሮ ይቀራል። ፊቱን በክሪክ ከፍ አድርጎ፣ የራዲያተሩን ማስተንፈሻ ብሎን ፈትቶ፣ ሞተሩን እያስነሱ አየሩን ማስወጣት ያስፈልጋል። አየር ያለበት ሞተር ደግሞ ጌጁ ላይ አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይወርዳል፤ ቴርሞስታቱ የተበላሸ ይመስላል። ያለ ጥፋቱ የተነቀለ ቴርሞስታት ብዙ ነው።

ሌላው በብዛት የመጣው መርሰዲስ 207 ዲ ነው። ከ1977 ጀምሮ የተሠራ፣ ባለ 2.4 ሊትር ናፍጣ ሞተር፣ ጉልበቱ መጀመሪያ ላይ 65 ፈረስ። ፖስታ ወይም ዳቦ እንዲያመላልስ የተሠራውን መኪና አልጋ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ የውሃ ጋን፣ ማቀዝቀዣና ሁለት ትርፍ ጎማ ጭነውበት ወደ አፍሪካ ነዱት። የመኪናው ጥንካሬ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን 65 ፈረስ ይህን ሁሉ ይዞ ዳገት ሲወጣ በሁለተኛ ማርሽ ነው፤ ሁለተኛ ማርሽ ማለት ብዙ ሙቀትና ጥቂት ነፋስ ማለት ነው።

የችግሩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት በር አለው። አንደኛው ወደ ራዲያተር የሚያስኬደው ነው። ሁለተኛው ከታች የተንጠለጠለ ትንሽ ዲስክ ሲሆን ሥራው ሞተሩ ሲሞቅ አቋራጩን መዝጋት ነው። ዋናው በር ሲከፈት አቋራጩ ይዘጋል፣ ውሃው በሙሉ ወደ ራዲያተር ይገደዳል። ቴርሞስታቱ ከወጣ ሁለቱም በሮች አብረው ይጠፋሉ። ውሃ ደግሞ እንደ ሰው ነው፤ አጭሩን መንገድ ይመርጣል። ከፊሉ በአቋራጩ ከሞተሩ ወጥቶ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ለማቀዝቀዝ ተብሎ የተነቀለው ዕቃ ሞተሩን እንዲሞቅ ያደርገዋል።

ተንኮሉ ደግሞ ሜዳ ላይ አይታወቅም። ቴርሞስታት የሌለው መኪና ናይሮቢ ውስጥ በሐምሌ ብርድ ሲነዳ ጌጁ ከታች አይነሳም፤ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ዳገት ላይ ጭነት ሲበዛ ግን ራዲያተሩ የሚደርሰው ውሃ አይበቃውም። «ቴርሞስታት ከሌለ ውሃው እየሮጠ ስለሚያልፍ ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኝም» የሚል ማብራሪያ ብዙ ጊዜ ይሰጣል። ይህ ትክክል አይመስለንም። ፈጥኖ የሚያልፍ ውሃ ሙቀት የሚሰጠውም ቶሎ ቶሎ ነው። ጥፋቱ ፍጥነቱ ሳይሆን አቋራጩ ነው። ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱን ያወቀ መካኒክ መላውንም ያውቃልና። በእርግጥም ከአንጋፋዎቹ መካከል መጽሐፍ ሳያነቡ ይህን የደረሱበት ነበሩ። አዲስ ቴርሞስታት በሌለበት ዋናውን በር ቆርጠው ያወጡና የታችኛው ዲስክ አቋራጩን ዘግቶ እንዲቀር አድርገው ቀለበቱን መልሰው ያስሩታል። አቋራጩን በተላገ ቡሽ የሚደፍኑም ነበሩ። ሞተሩ ለመሞቅ ጊዜ ይወስዳል፣ ነገር ግን ዳገቱን ይወጣል። ይህን ያደረገ ሰው አላዋቂ ሊባል አይችልም።

ቴርሞስታት ከመጣሉ በፊት የመፈተኛ መንገዳቸውም ቀላል ነበር። በክር ታስሮ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ ይንጠለጠላል፣ ከጎኑ ቴርሞሜትር ይገባል፣ ምድጃ ላይ ይጣዳል። ላዩ ላይ በተጻፈው ቁጥር አካባቢ መከፈት ከጀመረና ሲቀዘቅዝ ከተዘጋ ጤነኛ ነው። የሽሮ ድስታቸው ለዚህ ሥራ ስለተወሰደባቸው እናቶች በጋራዥ ቤተሰቦች ዘንድ የሚነገረው ብዙ ነው፤ አንዳንዷ እትዬ ዛሬም አልረሳችውም።

ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ሳይለብስ በፊት በዚህ ሁሉ ላይ ዲዳ ገልጋሉ ይጨመር ነበር። ጥርስ በመሰለ ጠጠር ላይ መኪናው ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ይንቀጠቀጣል፤ ንቅናቄው የራዲያተሩን ማያያዣ ይሰነጥቃል፣ ቱቦውን ያላላል። ነፋሱ ከኋላ ከመጣ ደግሞ መኪናውና ነፋሱ አብረው ስለሚሄዱ ራዲያተሩ ምንም አያገኝም። የጎደለው ውሃ ከመንገድ ዳር ጉድጓድ ይተካል፤ ጨዋማው ውሃ በአልሙኒየሙ ቴስታታ ላይ የሚያደርገውን ያደርጋል። መኪናው ናይሮቢ ሲደርስ ባለቤቱ የሚያወራው ስለ ሞያሌ መንገድ ነው፤ ጥፋቱ ግን ከሦስት አገር በፊት፣ ቴርሞስታቱ በወጣበት ቀን የጀመረ ሊሆን ይችላል።

ጉዳቱ ለምን ከባድ እንደሆነ ለመረዳት ወረቀቱንም ማየት ያስፈልጋል። ኬንያ ከስምንት ዓመት በላይ የሆነውን መኪና ወደ አገር አታስገባም። እነዚህ ካምፐሮች የሚገቡት ካርኔ በተባለው የጉዞ ሰነድ ለጊዜው ነው፤ በተወሰነው ቀን ተመልሰው መውጣት አለባቸው። ባለቤቶቹ ብዙውን ጊዜ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ወይም ልጆች የያዙ ቤተሰብ ሲሆኑ፣ ያላቸውን ጥሪት በመኪናው ላይ አውለው ለካርኔውም ዋስትና አስይዘው የመጡ ናቸው። ቴስታታው የተጣመመ መኪና ሸጠው በአውሮፕላን ልሂድ ቢሉ አይችሉም። ጥለውት ቢሄዱ ዋስትናው ይያዛል። ስደት ላይ ያለ ሰው የወረቀትን ነገር ስለሚያውቅ ይመስለናል፣ የእኛ መካኒኮች ለእነዚህ ሰዎች ቅዳሜና እሑድ ሳይቀር ሲሠሩላቸው የኖሩት። ከእነሱ የተገኘው ገቢም የአንዳንድ ቤት የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር።

በመንገዱ ላይ ስለሚደረገውም ትንሽ እንበል። ጌጁ ሲወጣ ጋዙን ቀነስ አድርጎ የውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው መክፈት፤ ማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ሙቀት ይቀንሳል፣ ተሳፋሪው ግን ላብ በላብ ይሆናል። ከቆሙ በኋላ ክዳኑን በሙቀቱ አለመንካት። 0.9 ባር የሚይዝ ክዳን ናይሮቢ ላይ ውሃውን እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ያቆየዋል፤ ተከፍቶ ግፊቱ ሲለቀቅ በአንዴ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፣ የስንቱን ረዳት ፊት እንዳቃጠለ ሁላችን እናውቃለን። በነደደ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ በአንድ ጊዜ አለማፍሰስ፤ ቴስታታ የሚሰነጠቀው ከመሞቁ ይልቅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲደረግ ነው።

ከሞያሌ በኋላ

ኢሲዮሎ–ሞያሌ መንገድ ሙሉ በሙሉ አስፋልት የሆነው በ2010ዎቹ አጋማሽ አልፎ ነው። በታኅሣሥ 2020 ደግሞ ሞያሌ ላይ የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር መፈተሻ ተመረቀ። መንገዱ ሲስተካከል የሚሰበረው ራዲያተር ቀነሰ፤ አስፋልቱ ግን ዳገቱን አላወረደውም። ወዲያው በሰሜን ኢትዮጵያ በ2020 የተነሳው ጦርነት፣ ከዚያም በሚያዝያ 2023 በሱዳን የተቀሰቀሰው ጦርነት ከካይሮ ወደ ደቡብ የሚወስደውን የድሮ መንገድ ቆረጠው። ከአውሮፓ በየብስ የሚመጡት ካምፐሮች ከዚያ ወዲህ በጣም ቀንሰዋል። በዚህ ሥራ ይተዳደሩ የነበሩት ጋራዦች ፊታቸውን ወደ ሌላ መኪና አዙረዋል፤ ልጆቻቸውም ከፊሉ ኮምፒዩተር የሚነግራቸውን ሞተር ተምረዋል፣ ከፊሉ ከናቸውም ሌላ ሙያ ይዘዋል።

አሁን የሚመጡት አሮጌ ካምፐሮች በአመዛኙ ከደቡብ ነው። ደቡብ አፍሪካ ያንኑ የፎልክስቫገን ሦስተኛ ትውልድ ጀርመን ማምረቱን ካቆመች በኋላም እስከ 2002 ድረስ ስትሠራ ቆይታለች። ከ1991 ጀምሮ የአንዳንዶቹ ሞተር ባለ አምስት ሲሊንደር የአውዲ ሞተር ነው። ራዲያተሩ አሁንም ከፊት፣ ሞተሩ አሁንም ከኋላ፣ አየሩም አሁንም ከፊት ይቋጠራል። ቴርሞስታቱ ግን እንደ ድሮው ከጀርመን እስኪመጣ ሳምንታት አይጠበቅም፤ ከጆሃንስበርግ ይመጣል፣ አንዳንዴም የመኪናው ባለቤት መሳቢያው ውስጥ ሁለት ይዞ ይገኛል። ናይሮቢ ውስጥ ያሉ አንድ ሁለት ጋራዦቻችንም መኪናውን ሲያስረክቡ የወጣውን አሮጌ ቴርሞስታት በላስቲክ ጠቅልለው፣ የተቀየረበትን ቀንና የኪሎ ሜትር ቁጥር ጽፈውበት፣ ለባለቤቱ በእጁ ይሰጣሉ። የሚቀጥለው መካኒክ ክዳኑን ሲፈታ ውስጡ ያለው አዲስ መሆኑን እንዲያውቅ ነው።